ሚያዝያ 27 ላይ ስንት ነገር ተገጣጠመ? እስቲ ጨምሩበት

ባለ_ደብተሩ
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ልማድ አለኝ፣ ባለቤቴ «የጡረታ ሥራህን ቀድመህ ጀመርክ» የምትለው። ወፍራም ደብተር ገዝቼ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ሰጥቻለሁ። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን 6። በዚያ ቀን ምን ሆነ፣ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ እያልኩ እሞላለሁ። አብዛኛው ገጽ ሦስት አራት መስመር ነው። ጳጉሜን 6 ምስኪን፣ ገጿ እስካሁን ንጹሕ ነው። ሚያዝያ 27 ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ትናንት ማታ ተጨማሪ ወረቀት በስቴፕለር አያያዝኩበት።

ዋናውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን እየመራ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገባ። ጃንሆይ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 24፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው ነበር። በመሃል ባለቤት ያጣችው ከተማ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1933፣ በዚያችው በሚያዝያ 27 ጃንሆይ ተመልሰው ገቡ። ጠላት የገባበትና ንጉሡ የተመለሱበት ቀን አንድ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ፈረንጆቹን ጨመርኩ። ሚያዝያ 27 በነሱ ሜይ 5 ነው። ካርል ማርክስ በ1818 ሜይ 5 ተወለደ። ናፖሊዮን በ1821 ሜይ 5 በሴንት ሄሌና ደሴት ሞተ። በ1862 ሜይ 5 ሜክሲኮዎች ፑኤብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር መቱ። በ1961 አለን ሼፐርድ ጠፈር ላይ ደርሶ የተመለሰ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆነ። በ1981 የአየርላንዱ ቦቢ ሳንድስ እስር ቤት ውስጥ በ66ኛው የረሃብ አድማ ቀኑ አረፈ። በ1988 ደግሞ ዘፋኟ አዴል ተወለደች።

ታዲያ ይሄ ቀን የሆነ ነገር የለውም ትላላችሁ? ያላችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

የአራዳ_ልጅ
አዴልና ናፖሊዮን አንድ ገጽ ላይ! ስቴፕለሩም ሳያፍር ያዘልህ?

ፍቅርተ_ዘጉለሌ
እኔ የምጨምረው ትንሽ ነገር ነው። አያቴ ቀንን በቁጥር አትጠራም ነበር። 12 ካልካት ሚካኤል፣ 21 ካልካት ማርያም፣ 27 ካልካት መድኃኔዓለም። ስለ ሚያዝያ 27 ስጠይቃት «በመድኃኔዓለም ዕለት ገቡ፣ በመድኃኔዓለም ዕለት ወጡ» ትለኝ ነበር። ለሷ ይሄ ግጥምጥም አይደለም። የተዘጋ ሒሳብ ነው።

ተጠራጣሪው
አያትሽን አክብሬ ልናገር። ቀኖቹ ያሉት 365 ብቻ ናቸው፣ ታሪኩ ግን የሺህ ዓመት ነው። የትኛውንም ቀን ቆፍር፣ ንጉሥ ይወጣል፣ ጦርነት ይወጣል፣ ዘፋኝ ይወጣል። 23 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስብ፣ ሁለቱ ልደታቸው አንድ ቀን የመሆን ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ሚያዝያ 26ን ቆፍረህ ታውቃለህ? አታውቅም። ለምን? ሥራ የማይዘጋበት ቀን ስለሆነ።

ባለ_ደብተሩ
@ተጠራጣሪው ሚያዝያ 26 ገጽ ላይ ሁለት መስመር አለኝ። ያሳፈርከኝ ግን ትክክል ስለሆንክ ነው።

መምህር_በጡረታ
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም በከፊል ትክክል ናችሁ። የናፖሊዮን ሞትና የማርክስ ልደት ግጥምጥም ነው። የሁለቱ ሚያዝያ 27 ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሁለተኛው ቀን ዝም ብሎ አልመጣም፣ ተመርጦ ነው።

ቅደም ተከተሉን እዩት። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ገቡ። ከእንግሊዛዊው መኮንን ከነዊንጌትና ከጎጃም አርበኞች ጋር እየተጓዙ ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚህ ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም በኬንያና በሶማሊያ በኩል የመጣውን ጦር ይዞ አዲስ አበባን መጋቢት 28 ያዘ። ከዚያች ቀን እስከ ሚያዝያ 27 ድረስ 29 ቀን አለ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በበቅሎ እንኳ ቢኬድ ወር አይፈጅም።

እንግሊዞቹ ጃንሆይ ቶሎ እንዲገቡ አልፈለጉም። ከተማው ውስጥ ብዙ ጣሊያን ሲቪል ነበር፣ ሕዝቡ በቀል ይጀምራል ብለው ፈሩ ይባላል። ፖለቲካም ነበረበት፣ አገሪቱን ማን ያስተዳድር የሚለው ገና አልለየም። ጃንሆይ ግን መግባታቸው ካልቀረ ቀኑን የራሳቸው አደረጉት። ሚያዝያ 27 ሰኞ ከእንጦጦ ማርያም ተሳልመው ወደ ከተማ ወረዱ። ዊንጌት በነጭ ፈረስ ከፊት ከፊት ይሄዳል፣ ጃንሆይ በመኪና ይከተላሉ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አጎፍረው መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ምላጭ ያልነካው ፀጉር ነው። ንግግራቸውም ላይ ሕዝቡን የለመኑት በጣሊያን ላይ በቀል እንዳይፈጽም ነው።

እንግዲህ ባዶሊዮ ቀኑን ማክሰኞ ሰጠን፣ ጃንሆይ ሰኞ መልሰው ወሰዱት። ይህን «ተገጣጠመ» ማለት ይከብደኛል።

ፍቅርተ_ዘጉለሌ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የአያቴን «የተዘጋ ሒሳብ» በሚገባ አስረዱልኝ። ሒሳቡን የዘጋው ሰው ነዋ!

ተጠራጣሪው
እሺ፣ እጄን ሰጥቻለሁ፣ በዚህኛው ብቻ። ቢሆንም ጋሼ፣ በዚያ ቀን ጦርነቱ አላለቀም እኮ። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው ከዚያ ወዲህ በግንቦት ነው። ጎንደር የወደቀችው ደግሞ ኅዳር 1934 ነው። የድል ቀን ብለን የምናከብረው ጣሊያን ጎንደር ላይ ገና እየተዋጋ ባለበት ቀን ነው።

መምህር_በጡረታ
ትክክል ነህ። ጥያቄህን ደርግም ጠይቆታል፣ መልሱ ግን ካንተ ይለያል። ወደዚያ እመጣለሁ፣ አሁን ምሳ ቀርቧል።

ባሕረ_ሐሳብ
ባለ ደብተሩ፣ እባክህ አትቀየመኝ። ገጽህ ላይ ስህተት አለ፣ ትንሽም አይደለም።

ሚያዝያ 27 ሜይ 5 የሚሆነው አሁን ባለንበት ዘመን ብቻ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ያሉት ሁሉ ልክ ናቸው። 1928፣ 1933፣ ሼፐርድ፣ ሳንድስ፣ አዴል፣ ሁሉም ሚያዝያ 27 ናቸው። ማርክስ፣ ናፖሊዮንና ፑኤብላ ግን አይደሉም። ሦስቱም ሚያዝያ 28 ላይ ናቸው።

ምክንያቱ ይሄ ነው። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፣ ያለማቋረጥ። ፈረንጆቹ ግን በመቶ የሚዘጉ ዓመታትን ይዘላሉ፣ ለ400 የሚካፈል ካልሆነ በቀር። 1900 ላይ ፌብሩዋሪ 29 አልነበረም። ስለዚህ ከዚያ በፊት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ካሁኑ በአንድ ቀን ያንሳል። ያኔ ሜይ 5 የሚውለው ሚያዝያ 28 ላይ ነበር።

«ከየት አመጣኸው» እንዳትለኝ፣ ሁላችንም የምናውቀውን ማስረጃ ልስጥህ። ዓድዋን መቼ እናከብራለን? የካቲት 23። ፈረንጅ አገር ያለህ ከሆነ ማርች 2 ፈቃድ ትጠይቃለህ። የውጭ መጽሐፍ ግን ጦርነቱ ማርች 1፣ 1896 ነው ይላል። ሰዉ በየዓመቱ ይጣላበታል፣ «ታሪካችንን አዛቡት» እያለ። ማንም አላዛባም። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ማርች 1 ነበር። ዛሬ ማርች 2 ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም እንዲሁ። ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13፣ 1868። የዘንድሮዋ ሚያዝያ 6 ግን ኤፕሪል 14 ላይ ነው የምትውለው።

የአራዳ_ልጅ
ቆይ ቆይ። የዓድዋ ነገር ስንት ዓመት ሲያጨቃጭቀኝ የኖረ ነው! አንድ ወዳጄ ጋር ለሁለት ቀን ተኮራርፈን እናውቃለን። ይሄ ነበር?

ባሕረ_ሐሳብ
ይሄ ነበር። ሂድና ታረቅ።

ባለ_ደብተሩ
አሁን ደብተሩን ይዤ ቁጭ ብዬአለሁ። ማርክስን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ ወደ 28 ወሰድኩት። ናፖሊዮንንም። የ28 ገጽ እስካሁን ምንም አልነበረበትም፣ በአንዴ ቤተ መንግሥት ሆነ። ግን የፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ላይ የተጠራው ጉባኤ፣ ቬርሳይ ላይ ሜይ 5፣ 1789 የተከፈተው፣ እሱም ወደ 28 ይሂድ?

ባሕረ_ሐሳብ
እሱ ወደ 29 ይሂድ። 1800ም ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ሁለተኛ ቀን ይጨምራል። ሚያዝያ 29 ቀን 1781 ዓ.ም. ነው የምትጽፈው።

የአራዳ_ልጅ
አብዮቱ ገና ሳይጀመር ሁለት ቀን ዘገየ።

ማሂ_ዴንሃግ
እኔ ለገጹ የማያወላውል ሚያዝያ 27 አለኝ፣ የራሴ አገር ሁለተኛ በዓል። ሆላንድ ነው የምኖረው። እዚህ ሜይ 5 የነፃነት ቀን ነው። በ1945 ጀርመኖች እጅ የሰጡበት፣ ቫኸኒንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ሆቴል ውስጥ የተነጋገሩበት ቀን። በኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1937። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ልክ አራት ዓመት።

የመጀመሪያው ዓመቴ ላይ ምንም አላውቅም ነበር። ከቋንቋ ትምህርት ስወጣ ሰፈሩ በሙሉ ባንዲራ ሰቅሏል። ጎረቤቴ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፣ በረንዳ ላይ ወንበር ላይ ቆመው ዘንጉን ሊያስገቡ ይታገላሉ። ወንበሩን ያዝኩላቸው። «ዛሬ ምንድን ነው?» አልኳቸው በተሰባበረ ደችዬ። ነገሩኝ። «እኛም ዛሬ ነው» አልኳቸው። አልገባቸውም። ጀርመን ኢትዮጵያም ደርሶ ነበር እንዴ አሉኝ። ጣሊያን ነው ብዬ እዚያው በረንዳው ላይ ቆመን ሙሉውን ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያ ቀን በር አንኳኩተው ኬክ ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ ዳቦ እደፋለሁ።

አንድ ነገር ደስ የሚለኝ አለ። ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት፣ ሜይ 4 ማታ በነሱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ለሞቱት ሁለት ደቂቃ ዝም ይባላል። ትራም ይቆማል። ብስክሌተኛው ወርዶ ይቆማል። ሐዘኑን አንድ ቀን፣ ደስታውን አንድ ቀን። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምናደርገው።

መምህር_በጡረታ
እኛም ለይተናል ልጄ። የካቲት 12 ለሐዘኑ፣ ሚያዝያ 27 ለድሉ። ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ። በሁለቱ ሐውልቶች መካከል በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ማሂ_ዴንሃግ
ጋሼ ውይ፣ እውነትዎን ነው። ዘንግቼው።

ቴዲ_ዳላስ
እዚህ ዳላስ ደግሞ ሜይ 5 ማለት ታኮና ቢራ ነው። «ሲንኮ ደ ማዮ» ይሉታል። የሥራ ባልደረቦቼ የሜክሲኮ የነፃነት ቀን ይመስላቸዋል። አይደለም፣ የነፃነታቸው ቀን ሴፕቴምበር 16 ነው። ይሄኛው የፑኤብላ ጦርነት ነው። ጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ በቁጥርም በመሣሪያም የሚበልጠውን የፈረንሳይ ጦር የመለሰበት። ለሜክሲኮ ልጅ ጓደኛዬ ዓድዋን ስነግረው «እንግዲያው የናንተ ሲንኮ ደ ማዮ ነዋ» አለኝ። አልኩት፣ የኛ ቀኑ ላይ ይከራከራሉ እንጂ ድሉ ላይ አይከራከሩም። ደግሞ ፈረንሳዮች በዓመቱ ተመልሰው ፑኤብላን ያዟት፣ ሜክሲኮ ሲቲም ገቡ። ጣሊያን ግን ለመመለስ 40 ዓመት ፈጀበት።

አሁን ሚያዝያ 28 ነው ከተባለ ባለ ደብተሩ ይሰርዘው። ግን ሜክሲኮን ከሚያዝያ 27 ገጽ ፈጽሞ አታውጣት። ጣሊያን ኢትዮጵያን ያዝኩ ሲል በሊግ ኦፍ ኔሽንስ ተቃውመው ወረራውን ሳይቀበሉ ከቀሩት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ስትጠብቁ «ይሄ ስም ከየት መጣ» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ ነው። እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ሄጄ ወርጄበታለሁ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው።

የአራዳ_ልጅ
እኔ ሜክሲኮ ታክሲ ስጠብቅ የማስበው ሰልፉ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ብቻ ነው።

መምህር_በጡረታ
ምሳው አልቋል፣ ቡናውም ሁለተኛ ደርሷል። ስለ ደርግ ቃል ገብቼ ነበር።

አባቴ አርበኛ ነበር፣ ሸዋ ውስጥ። እኔ ልጅ ሳለሁ ሚያዝያ 27 ማለት የቤታችን ትልቁ ቀን ነው። ጠዋት እናቴ ካባውን ከሣጥን አውጥታ ፀሐይ ላይ ትሰጣለች፣ የብል መድኃኒት ሽታው እንዲወጣ። ሜዳሊያዎቹን በአመድና በሎሚ እኔ ነበርኩ የምወለውል። ከዚያ አራት ኪሎ እንሄዳለን። ሽለላው፣ ፉከራው፣ ጋሻው፣ የአንበሳ ጎፈሩ። እሱ ሰልፉ ውስጥ ይገባል፣ እኔ መንገድ ዳር ባንዲራ ይዤ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር እቆማለሁ።

አብዮቱ መጣ። ደርግ የድሉን ቀን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ተጠራጣሪው እንዳልከው ዓይነት ክርክር ነው። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው፣ ሚያዝያ 27 ንጉሡ የገቡበት እንጂ ምን ድል አለበት የሚል። ቀኑን ካስቀመጥነው ንጉሡንም እናስቀምጣለን ብለው የፈሩ ይመስለኛል።

አባቴ ይህን ሰምቶ ምንም አላለም። መጋቢት 28 ሲመጣ ቀበሌ ጠራው፣ «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ ቀረ። ለኔ ብቻ ሹክ አለኝ፣ «እሱ የእንግሊዝ ቀን ነው» ብሎ። ሚያዝያ 27 ደረሰ፣ የሥራ ቀን። እኔ ለማስተማር ስወጣ ካባውን ለብሶ፣ ሜዳሊያውን ደርድሮ፣ ከበሩ መቃን ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ስመለስም እዚያው ነው። ማንም አልመጣም፣ ማንንም አልጠራም። ቡናው ብቻ ሦስቴ ተፈልቷል። እስከሞተበት ዓመት ድረስ እንዲሁ አደረገ። ሥርዓቱ ተለውጦ ሚያዝያ 27 ሲመለስ እሱ አልነበረም። ካባውን ለብሼ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሰፋኝ።

ፍቅርተ_ዘጉለሌ
ጋሼ አስለቀሱኝ፣ ቢሮ ውስጥ ነኝ።

ተጠራጣሪው
ክርክሬን ከደርግ ጋር ስላመሳሰሉት ትንሽ ቅር ብሎኛል። ሆኖም ጋሼ፣ አባትዎ ያሉት መልስ ነው። ቀኑን የሚወስነው ጦርነቱ የት እንዳለቀ ሳይሆን ማን የኔ ብሎ እንደያዘው ነው ማለት ነው።

የአራዳ_ልጅ
ቆይ አንድ ነገር ልብ አላላችሁም? ሚያዝያ 27ን ከካላንደር ያወጣው ደርግ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ያንን ትልቅ የማርክስ ራስ ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ ተቀብሎ ያቆመውም ደርግ ነው። የማርክስ ልደት ደግሞ ሜይ 5! ንጉሡን በበሩ አስወጥቶ በመስኮት ጺማሙን አስገባልና።

ባሕረ_ሐሳብ
ቀልድህን ማበላሸት አልፈልግም ነበር። ሚያዝያ 28።

የአራዳ_ልጅ
አንተ ሰው ሠርግ ላይ ተጠርተህ ታውቃለህ?

ሰናይት_ነርስ
ዘግይቼ መጣሁ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁላችሁም የድሮውን ስትቆፍሩ የቅርቡን ረሳችሁት። ሚያዝያ 27 ቀን 2015። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ አብቅቷል ብሎ ያወጀበት ቀን ነው። ሜይ 5፣ 2023። ያወጁት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም። በጃንዋሪ 30፣ 2020 የጀመረው አዋጅ ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ ያኔ ተነሳ።

እኔ ዜናውን የሰማሁት ተረኛ ክፍል ውስጥ፣ ስልክ ቻርጅ ስሰካ ነው። በበዓል ቀን ሥራ ስለገባሁ ተናድጄ ነበር። አብራኝ ያለችው ነርስ ማስኳን አውልቃ አየችው፣ አጠፈችው፣ ኪሷ ከተተችው። ጣለችው ብዬ ስጠብቅ። «ምናልባት» አለችኝ።

ደግሞ ሜይ 5 የአዋላጆች ቀን ነው። በዚህ ቀን ማን እንደሞተ ስትደረድሩ አይቼ ነው የማነሣው።

ባለ_ደብተሩ
እናትዬ፣ ይሄ ለብቻው ሌላ ወረቀት ያስፈልገዋል። አዋላጆቹን ከሁሉም በላይ ጻፍኳቸው።

ማሂ_ዴንሃግ
ሜይ 5 የአፍሪካ የዓለም ቅርስ ቀንም ነው፣ ዩኔስኮ ያጸደቀው። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል መሆናቸውን ለጎረቤቴ ነግሬ በኬኩ ላይ ተጨማሪ ቁራጭ አግኝቻለሁ።

ብሩክ_80
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ? ባሕረ ሐሳብ ካለ አይቀር ልጠይቅ። የክርስትና ወረቀቴ ጥር 3 ቀን 1980 ይላል። ፓስፖርቴን ያወጣልኝ ሰው ጃንዋሪ 11፣ 1988 ብሎ ሞላው። እዚህ ስደት ላይ አንድ ቅጽ ስሞላ ኢንተርኔት ላይ ያለው መቀየሪያ ጃንዋሪ 12 አለኝ። ማን ነው ትክክል? ሚስቴ ኬኩን በየትኛው ቀን ታምጣ?

ባሕረ_ሐሳብ
መቀየሪያው ትክክል ነው። 1979 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን 6 ሆናለች። ስለዚህ 1980፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ጥር 3 ሌላ ጊዜ ጃንዋሪ 11 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 12። ገናንም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሚያዝያ ከፌብሩዋሪ 29 በኋላ ስለሚመጣ ይሄ ጣጣ አይነካውም። 1928ም እኮ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ባዶሊዮ በጥር ገብቶ ቢሆን ኖሮ የባለ ደብተሩ ሁለት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ቀን ይለያዩ ነበር።

ብሩክ_80
ስለዚህ 36 ዓመት ሙሉ ከቀኔ አንድ ቀን ቀድሜ ሻማ ሳጠፋ ነበር።

የአራዳ_ልጅ
ብሩኬ አትዘን። ፓስፖርቱ ላይ ጃንዋሪ 1 ከተጻፈበት ሐበሻ ሁሉ አንተ ትሻላለህ። እኛ ቤት አራት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ተወልደናል፣ በተለያየ ዓመት።

ፍቅርተ_ዘጉለሌ
ባሕረ ሐሳብ፣ አንድ የመጨረሻ። ይሄ አንድ ቀን ወደፊትም ይጨምራል?

ባሕረ_ሐሳብ
ይጨምራል። ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን ይዘላሉ። ከዚያ በኋላ ሚያዝያ 27 ሜይ 6 ላይ ነው የሚውለው። በኛ ከ2092 ዓ.ም. ጀምሮ። የዛሬ ሕፃን አርጅቶ «የድል ቀን ሜይ 5 ነበር፣ ማን ቀየረው» ብሎ ይጣላል።

ማሂ_ዴንሃግ
እና ከጎረቤቴ የልጅ ልጆች ጋር ኬኩ በአንድ ቀን ይለያያል ማለት ነው። አይሆንም፣ ዳቦውን አሳድራለሁ።

ባለ_ደብተሩ
ደብተሩን አስተካክዬ ጨረስኩ። ሚያዝያ 27 ላይ የቀሩት፦ አዋላጆቹ ከላይ፣ ሁለቱ መግባቶች፣ ሆላንድ፣ ሼፐርድ፣ ሳንድስ፣ አዴል (የአራዳ ልጅ እያየህ)፣ የኮቪዱ አዋጅ። ሜክሲኮ በእርሳስ፣ ከኅዳጉ ላይ። 1933 ፊት «ተመርጦ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌሎቹ ፊት ምንም። ከታች የጋሼን አባት አስገባኋቸው፣ ስም አልጻፍኩም፣ «በርጩማ ላይ የተቀመጡት አርበኛ» ብቻ። ጋሼ ከፈቀዱልኝ።

መምህር_በጡረታ
ፈቅጃለሁ። በርጩማው ባለ ሦስት እግር ነው፣ ከጻፍክ አይቀር።

ባለ_ደብተሩ
ጻፍኩ። አሁን ልመናዬ፦ ጳጉሜን 6 ላይ የሆነ ነገር የምታውቁ? አንድ መስመር ብቻ። ገጹ ባዶ ሆኖ ሲያየኝ ያሳዝነኛል።

ብሩክ_80
የኔ ታናሽ እህት ያኔ ነው የተወለደችው። ስጦታ የምንገዛላት በአራት ዓመት አንዴ ነው፣ እስካሁንም ይቅርታ አላደረገችልንም።

ባለ_ደብተሩ
ገባች።